ሁለት ዲናር ከወንበሩ ሥር

ገንዘብ በዝናብ የሚሟሟበት ዘመን ነበር። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመል፣ ከዚያም በበቅሎና በአህያ ወደ ደጋው የሚወጣው አሞሌ ጨው እስከ ምዕራቡ አገር ገበያ ድረስ መገበያያ ሆኖ ኖሯል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገሪቱን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ አሞሌ ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እየከበደ እንደሚሄድ ጽፏል። እንዲህ ከሆነ ዓባይን ተሻግሮ ወለጋ የገባ አሞሌ ውድ ነበር፤ የገባውም ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናብ ወደማይለየው አገር ነው። ነጋዴው ሀብቱ እንዳይፈረፈር በልጥ ጠፍሮ፣ እንዳይረጥብ ሸፋፍኖ መጓዝ ነበረበት። ከዚያ ማርያ ቴሬዛ መጣች። ያቺን 28 ግራም የምትመዝን የብር ሳንቲም ዝናብ አይነካትም፤ ችግሯ ክብደቷ ነው። መቶዋ ወደ ሦስት ኪሎ ይጠጋል፤ በበቅሎ ጭነት ውስጥ ስትናጥም ድምፅ ታሰማለች፣ ሽፍታ ደግሞ ያንን ድምፅ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1915 የአቢሲኒያ ባንክ የወረቀት ገንዘብ ሲያወጣ ክብደቱም ድምፁም ቀረ። የአሞሌው ሥጋት ግን ተመልሶ መጣ፤ ወረቀት ይረጥባል፣ ይቀደዳል፣ ይሻግታል፣ አይጥም ይበላዋል።

ዛሬ በወለጋ መንገዶች ይህን ሥጋት በየቀኑ ይዞ የሚወጣው ሞተረኛው ነው።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርሷ የሚነሱት መንገዶች ወደ ጊምቢ፣ ነጆና መንዲ፣ ወደ በደሌ፣ ወደ ጊዳ አያና፣ ወደ ባኮ ይለያያሉ። ከአስፋልቱ የሚገነጠሉት የገጠር መንገዶች በክረምት መኪና ሲይዙ ሞተርን ያሳልፋሉ። የቡና ሰብሳቢው፣ የግብርና ባለሙያው፣ ከአጥቢያ አጥቢያ የሚዞረው የወንጌል ሰባኪ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው የሰፈር ልጅ፣ ሁሉም በሞተር ይሄዳሉ። ከነቀምቴ ጠዋት በጉም ተነስቶ ወደ ጊምቢ የሚጓዝ ሰው ዴዴሳ ሸለቆ ሲደርስ ጃኬቱን የሚያስወልቅ ሙቀት ያገኘዋል፤ ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ሲያያዘው ዝናቡ ይጠብቀዋል። በደረት ኪሱ ያለው ብር በአንድ ቀን ብርድ፣ ላብና ጎርፍ ያያል።

የብር ኖት የሚታተመው ከጥጥ በተሠራ ወረቀት ላይ ስለሆነ አንድ ጊዜ በውኃ መነከር ብቻውን አያጠፋውም። የሚያጠፋው እርጥበትና ፍትጊያ ሲገናኙ ነው። እርጥብ ብር በታጠፈበት መስመር ላይ ሞተሩ ለሰዓታት ሲያንቀጠቅጠው እጥፋቱ ይሳሳል፣ ከዚያ ይበጠሳል። በእርጥብነቱ በፌስታል ተቋጥሮ የተቀመጠ ደግሞ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይሻግታል። ከወንበሩ ሥር ማስቀመጥ ጥሩ ይመስላል፤ ግን በብዙ ሞተሮች ላይ ባትሪው ያለው እዚያው አካባቢ ነው፣ ከባትሪ የሚወጣ አሲድም ወረቀትን ይበላል። ከማርሚታው አጠገብ ሙቀት አለ፣ ከሰልባትዮው ሥር የቤንዚን ጠብታ አለ። ብሩን የሚያስሩበት የጎማ ላስቲክ በሙቀት ይለጠጥና ይቀልጣል፤ ሲነሳ የብሩን ፊት ይዞ ይነሳል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ብሩን አድርቀው ሳያጥፉ ይዘረጉታል፣ ከላይና ከታች ጠንካራ ካርቶን ያደርጉለታል፣ በሁለት ፌስታል ደራርበው አየሩን አስወጥተው ይዘጋሉ፣ በጨርቅ ጠቅልለው ከሙቀትና ከባትሪ በራቀ ቦታ ያኖሩታል። በየጊዜውም ያወጡና ያዩታል። ሁሉንም በአንድ ስፍራ አያደርጉም፤ በባለ 200 ብቻም አይይዙም፤ የገጠር ጎሚስታ ለአንድ ካላማዳሪ ልጣፊ 200 ብር ቢሰጡት መልስ ከየት ያመጣል?

እዚህ ድረስ ጉዳዩ የእጅ ሥራ ነው። ሞተረኛው እሑድ ጠዋት ከምእመናን መካከል ተቀምጦ የማቴዎስ ወንጌል 6ኛ ምዕራፍ ሲነበብ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። በምድር የተከማቸ ሀብት በብል እንደሚበላ፣ እንደሚዝግ፣ እንደሚሰረቅም አስተምሮ፣ ለነገ መጨነቅን የሚከለክለው ያ ምዕራፍ ነው። ይህን ቃል ከሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ጋር ወደ ኦሮምኛ መልሰው እ.ኤ.አ. በ1899 ለኅትመት ያበቁት ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው፤ በቋንቋ ሥራቸው አስቴር ጋኖ ታላቅ ድርሻ ነበራት። ኦኔሲሞስ በልጅነታቸው ተሰርቀው ለባርነት ተሸጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጡ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገብተው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1931፣ በዚያው አገር አስተማሩ። እንግዲህ በዚያ ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ የተሰማ ቃል ነው። ያን ቃል እየሰማ ከወንበሩ ሥር ለክፉ ቀን የተቋጠረ ብር ያለው ሰው አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፤ በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው የክፉ ቀን ብር ለምን ይደብቃል? መደበቁ አለመታመን አይደለም ወይ?

ጥያቄው ትንሽ አይደለም። «ይህ የሥጋ ጉዳይ ነው፣ ከመንፈሳዊ ነገር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር መልሱ ከዚያው ከወለጋ ይመጣል። ቦጂ የተወለዱት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከስብከት በፊት በነቀምቴ ሆስፒታል የቁስለኛ አልባሽ ነበሩ። በኋላ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆነው ሲያገለግሉ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ለውጭ አጋሮቿ በላከችው ደብዳቤ የነፍስንና የሥጋን አገልግሎት የሚለያየውን አስተሳሰብ ተቃወመች። ደብዳቤው የወጣው ወንጌልን መስበክና ሰውን በኑሮው መርዳት አንድ አገልግሎት ነው ከሚል እምነት ነው። ጉዲና እ.ኤ.አ. በ1979 በደርግ ተገደሉ፤ ሐሳባቸው ግን በወለጋ አጥቢያዎች ዛሬም ይሰማል። በእነርሱ ትምህርት የተፈሰሰ ነዳጅ፣ የተቀደደ ብር፣ በመንገድ የቀረ ሰው የእምነት ጉዳይ ነው።

ያለ ስንቅ መውጣትን የሚያስተምሩ ምሳሌዎች ኃያል ናቸው። ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ ከረጢትና ገንዘብ እንዳይዙ አዟል። በኦርቶዶክሱ ትውፊት የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ አንድ ሳንቲም ሳይዝ ከአገሩ ወጥቶ ቅኔና ዜማ ፍለጋ ወራት የሚፈጅ መንገድ ይሄዳል። በየመንደሩ በር ላይ ቆሞ ለምኖ ይበላል። ይህ ኑሮ ትሕትናን እንደሚያስተምር አባቶች ይመሰክራሉ፤ እውነትም ነው። የማንም ሳይሆን የሁሉ ልጅ ሆኖ ማደግ ሰውን ይቀርጻል።

ሆኖም ተማሪው ከቆመበት በር ወዲያ ያለውን ማየት ያስፈልጋል። እዚያ ጎተራ አለ። የቤቱ እመቤት ከመከር የተረፈውን እህል ከነቀዝና ከእርጥበት ጠብቃ ስላቆየች በሐምሌ ቁራሽ ልትሰጥ ትችላለች። ደቀ መዛሙርቱም የገቡባቸው ቤቶች ነበሩ፤ በእነዚያ ቤቶች ዱቄትና ዘይት ነበር። ያለ መጠባበቂያ የሚጓዝ ሰው በሌላ ሰው መጠባበቂያ ላይ ይጓዛል። ይህ መናኙን አያሳንሰውም፤ ጎተራ የጠበቀችውን እናት ግን ከእምነቱ ታሪክ እኩል ድርሻ ይሰጣታል። ከ1,800 ዓመት በፊት የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ስለ ባለጸጋ መዳን በጻፈው ድርሰት ይህንኑ አንሥቷል፤ ሁሉም ባዶ እጁን ቢሆን የተራበውን የሚያበላ፣ የታረዘውን የሚያለብስ ማን ይገኝ ነበር ብሎ ይሞግታል።

የሉቃስ ወንጌል ራሱ በሁለት ቦታ ሁለት ትእዛዝ ይዟል። በ9ኛውና በ10ኛው ምዕራፍ ኮሮጆ የከለከለው መምህር፣ በ22ኛው ምዕራፍ፣ ሊያዝ ሰዓታት ሲቀሩት፣ ያን ጉዞ ያስታውሳቸዋል፤ ምንም እንዳልጎደለባቸውም ይመሰክራሉ። ወዲያው ግን ከእንግዲህ ኮሮጆ ያለው ይያዝ ይላቸዋል። ብዙ ሰባክያን የመጀመሪያውን ክፍል ደጋግመው ሁለተኛውን ይዘሉታል። መዝለሉ ሞተረኛውን ይጎዳዋል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ትእዛዛት የሚለዩት በመንገዱ ጠባይ ነው። በፊተኛው ጉዞ በሩ ክፍት ነበር፣ በኋለኛው በሩ ሊዘጋ ነው። ለመሸበት ሰው በር በሚከፈትበት ዘመንና በሚዘጋበት ዘመን የመንገደኛ ግዴታ አንድ አይደለም።

በኦሪት ዘጸአት ያለው የመና ታሪክም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ለነገ ብለው ያሳደሩት መና ተላ፣ ሸተተ። ለሰንበት ብለው ዓርብ ያሳደሩት ግን በዚያው ዕቃ፣ በዚያው ድንኳን ውስጥ ሳይበላሽ አደረ። መናው አንድ ነው። የተለየው የተቀመጠበት ምክንያት ነው።

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ መስጊዱ አለ፤ በእስልምናም ይህ ክርክር የቆየ ነው። የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ በመዘገበው ትረካ ከየመን ለሐጅ የሚመጡ ሰዎች «እኛ በአላህ ተመኪዎች ነን» እያሉ ያለ ስንቅ ይወጡና መካ ሲደርሱ ሰውን ይለምኑ ነበር። በሱረቱል በቀራ ስንቅ ያዙ የሚለው ትእዛዝ የወረደው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ይተረካል። ግመሌን አስሬ ወይስ ትቼ በአላህ ልመካ ብሎ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የጠየቀው ሰው፣ አስረህ ተመካ የሚል መልስ እንዳገኘ ቲርሚዚ ያወሳል። ከሁሉ ይልቅ ለሞተረኛ የሚቀርበው ግን ኢማም አል ጋዛሊ ስለ ተወኩል፣ በአላህ ስለ መመካት፣ ሲጽፉ ያነሱት የኢብራሂም አል ኸዋስ ታሪክ ነው። አል ኸዋስ በተወኩል እጅግ ጥብቅ የሆነ፣ በረሃ ያለ ምግብ ይገባ የነበረ ሱፊ ነበር። ከመርፌ፣ ከክር፣ ከመቀስና ከውኃ መያዣው ግን አይለይም። ልብስ በበረሃ ይቀደዳል፣ በዚያ መርፌ የሚያበድር የለም፣ የተቀደደ ልብስም ለሶላት መሸፈን ያለበትን ይገልጣል። ምግብ ከሰው ሊገኝ ይችላል፣ መርፌ ግን አይገኝም። አንድ ሰው ከምንም ነገር ተላቅቆ እንኳ በመንገዱ ሊያገኘው የማይችለውን ለይቶ ይይዛል። በሞተሩ ወንበር ሥር ካንዴላ፣ ፒንሳና ጥቂት ብር የሚይዝ ሰው አል ኸዋስ ከሄደበት መንገድ ብዙ አልራቀም።

«ስልክ እያለ ጥሬ ብር ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከግንቦት 3 ቀን 2013 ወዲህ በእርግጥ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ሚሊዮኖች በስልካቸው ይከፍላሉ። የወለጋ ሰው ግን ስልክ ዝም ሲል የሚሆነውን ያውቃል። ከታኅሣሥ 2012 ማብቂያ ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ በምዕራብ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ሂውማን ራይትስ ዎችን የመሰሉ ድርጅቶች በወቅቱ እንዲከፈት ጠይቀዋል። አዲስ አበባ ያለ ልጅ የእናቱን ድምፅ ለሦስት ወር ያህል አልሰማም። ከዚያ ቀደም ብሎ በጥር 2011 በምዕራብና በቄለም ወለጋ በአንድ ሰሞን ከ10 በላይ የባንክ ቅርንጫፎች መዘረፋቸው ተዘግቧል። በመጋቢት 2016 ደግሞ አገር ሙሉ የሚገለገልበት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በአንድ ሌሊት የሥርዓት ብልሽት ገጥሞት አገልግሎቱ ለሰዓታት ቆሞ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በመንገድ ላይ ያለ ሰው የሚሠራለት ሁለት ነገር ነው፤ በእጁ ያለ ብርና የሚያምነው ሰው የሚሰጠው ዱቤ።

ግን ብሩን ከዝናብ፣ ከላብና ከባትሪ አሲድ በፍጹም ጥንቃቄ የጠበቀ ሰውም ሊከስር እንደሚችል ያው የቅርብ ጊዜ ታሪክ አሳይቷል። መስከረም 4 ቀን 2013 መንግሥት አዳዲስ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችን፣ ከእነርሱም ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የ200 ብር ኖት ይፋ አደረገ። አሮጌዎቹ በሦስት ወር ውስጥ መቀየር ነበረባቸው። ከዚያ ቀን በኋላ በጣሪያ ሥር፣ በፍራሽ ውስጥ፣ በሞተር ወንበር ሥር ደርቆና ተስተካክሎ የቆየ አሮጌ ኖት ጠርዙ እንኳ ሳይነካ ወረቀት ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የተደበቀ ብር የመግዛት አቅሙ በተደበቀበት ቀነሰ። ከወንጌሉ ዝገት ጋር የሚስተካከል የዘመኑ ዝገት ይህ ነው። ፌስታል አይከላከለውም።

በዚህ ላይ ሌላ ምሳሌ ይመጣል፤ መክሊቱን በምድር የቀበረው አገልጋይ። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ በስንፍና ይወቀሳል እንጂ አንድ ነገር በትክክል አድርጓል፤ አደራውን ከሌባ፣ ከዝናብና ከአይጥ ጠብቆ፣ ሳይጎድል፣ ሳይበላሽ መልሷል። በገንዘብ ጥበቃ ከተፈተነ አንደኛ ይወጣል። የተፈረደበት ግን እርሱ ነው። የፈሪ ጥበቃ ነበረና፤ ገንዘቡ ለማንም ለምንም እንዳይደርስ አድርጎ ነው ያዳነው። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ብር ክፉው ቀን ሲመጣ የማይወጣ ከሆነ፣ ባለቤቱ በዝናብ ተመትቶ በጉድጓድ ዳር ቁጭ ብሎ «ይህ እንኳ ለባሰ ቀን ነው» ካለ፣ ያ ብር ከመቀበር አልዳነም። ሌላ ሰው ከጎኑ ወድቆ ሳለ እንዲህ ካለ ደግሞ ይብሳል።

ከዚህ መክሊት ትይዩ የቆሙት የደጉ ሳምራዊ ሁለት ዲናሮች ናቸው። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደው መንገድ በ30 ኪሎ ሜትር ባልሞላ ርቀት 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ይሄዳል፤ ከብርድ አገር ወደ ሙቀት፣ ከከተማ ወደ ገደላማ ምድረ በዳ። ከነቀምቴ ወደ ዴዴሳ የወረደ ሰው ይህን ቁልቁለት በሰውነቱ ያውቀዋል። ሳምራዊው ለመንገዱ ተሰናድቶ የወጣ ነው፤ ዘይት ይዟል፣ ወይን ይዟል፣ የሚቀመጥባት እንስሳ አለችው፣ ገንዘብም አለው። ይህ ሁሉ ለራሱ ጉዞ የተዘጋጀ መሆኑ ግልጽ ነው። ተዘርፎ በመንገድ የወደቀውን ቁስለኛ ሲያገኝ ዘይቱና ወይኑ መድኃኒት ሆኑ፣ መቀመጫውን ለቀቀ፣ በማግስቱም ሁለት ዲናር አውጥቶ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሰጠ። አንድ ዲናር በዘመኑ የአንድ ቀን የጉልበት ሠራተኛ ክፍያ እንደነበር የማቴዎስ ወንጌል 20ኛ ምዕራፍ የወይን ቦታ ሠራተኞች ታሪክ ያሳያል። ስለዚህ የመንገድ መጠባበቂያው ቢያንስ የሁለት ቀን ሥራ ያህል ነበር። ከዚያ በላይ ቢያስፈልግ ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ፤ ማረፊያውም አመነው። ሳምራዊው ባዶ እጁን ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ የአንድ አዛኝ ሰው ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ቁስለኛው ግን አልጋ አያገኝም።

ይህ ስለ መጠኑም ይናገራል። የሁለት ቀን ሥራ ዋጋ አንድ ሌሊት ያሳድራል፣ ጎማ ያስለጥፋል፣ በጄሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ይገዛል፣ ለአንድ በሽተኛ ካርድ ያወጣል። ቢሰረቅ ወይም ቢጠፋ ቤተሰብ አያፈርስም። ከዚያ የሚበልጥ፣ በወቅቱ የቡና መግዣ የሆነ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ብር በሞተር ይዞ መሄድ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ያ ንግድ ነው፣ የንግድ አደጋም አለው። የንግዱን ገንዘብ የክፉ ቀን ብር ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ይመስላል። የኦሮሞ ማኅበረሰብ በቡሳ ጎኖፋ ሥርዓቱ የሚያውቀው አካሄድም ለዚህ ይረዳል፤ ችግር የደረሰበትን ሰው ወገኑ ካለው አዋጥቶ ያቋቁመዋል፣ በቅርብ ዓመታትም ኦሮሚያ ክልል ይህን ሥርዓት በተቋም ደረጃ አዋቅሮታል። በእንዲህ ያለ አገር አንድ ሰው ብቻውን ለሁሉም ክፉ ቀን የሚበቃ ብር መደበቅ አይጠበቅበትም። ወገኑ እስኪደርስለት የሚያቆየውን ያህል ይበቃዋል።

የቀረው የመደበቁ ነገር ነው። መደበቅ ውሸት አይሆንም ወይ? በሐዋርያት ሥራ 5ኛ ምዕራፍ ሐናንያና ሰጲራ መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው ከፊሉን ሸሸጉ፤ ጴጥሮስ የወቀሳቸው ግን ገንዘቡን በማስቀረታቸው አይደለም። መሬቱም ሳይሸጥ፣ ገንዘቡም ከተሸጠ በኋላ የእነርሱ እንደነበር በግልጽ ይናገራል። የወቀሳቸው ሁሉንም የሰጡ መስለው በመቅረባቸው ነው። መጽሐፈ ምሳሌም በ3ኛው ምዕራፍ፣ በእጅህ እያለ ባልንጀራህን ነገ ና አትበለው ይላል። ስለዚህ ከማን እንደተደበቀ መጠየቅ ይገባል። በመንገድ ጠብቆ ከሚዘርፍ መደበቅ ማንንም አይበድልም፤ ዘራፊ የማወቅ መብት የለውም። ብዙ ሞተረኞች በኪሳቸው ጥቂት ብር ለይተው የሚይዙት፣ ሌላውን የሚያርቁትም ለዚህ ነው። ከችግረኛ መደበቅ ግን ሌላ ነው። ጎማው ተንፍሶ ዳር የቆመ ሌላ ሞተረኛ «ወንድሜ፣ ለጎሚስታው ትንሽ ብር ይኖርሃል?» ሲለው፣ ከወንበሩ ሥር ያለውን እያወቀ «የለኝም» ብሎ የሚያልፍ ሰው በዚያች ቅጽበት ሁለቱን ነገር አጣምሯል፤ ሐናንያን ያስወቀሰውን አስመሳይነትና መክሊቱን የቀበረውን ሰው ፍርሃት። «አለኝ፣ ግን ልሰጥህ አልችልም» ማለት እንኳ ከዚያ ይሻላል፤ ከባድ ቢሆንም እውነት ነው፣ ሰሚውም ለምን ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

ይህን ሁሉ ተቀብሎ በወለጋ መንገድ ላይ ያለ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፤ እርሱም ከሁሉ ይከብዳል። ባለፉት ዓመታት በእነዚያ መንገዶች ሰዎች ተዘርፈዋል፣ ታግተዋል፣ ተገድለዋል። በመንገድ ዳር ወድቆ የሚታይ ሰው በእርግጥ ቁስለኛ ነው ወይስ ወጥመድ? ማርቲን ሉተር ኪንግ በሚያዝያ 1968 (እ.ኤ.አ.)፣ በተገደለበት ቀን ዋዜማ፣ ሜምፊስ ላይ ባደረገው ንግግር ይህንኑ አንሥቶ ነበር። የኢያሪኮን መንገድ ከባለቤቱ ጋር በመኪና እንደወረደበት ተናግሮ፣ ከሳምራዊው በፊት የመጡት ካህኑና ሌዋዊው ቁስለኛውን ያለፉት ምናልባት ዘራፊዎቹ አሁንም እዚያው አድፍጠው ይሆናል፣ ወይም የወደቀው ሰው እያስመሰለ ይሆናል ብለው ፈርተው ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። እነርሱ «ብቆም እኔ ምን እሆናለሁ?» ሲሉ፣ ሳምራዊው «ባልቆም እርሱ ምን ይሆናል?» ብሎ እንደጠየቀም አስተምሯል። ለፈሩት ሰዎች የሰጠው ግምት ርኅራኄ አለበት፤ ፍርሃታቸውን አላቃለለም። የወለጋ ሞተረኛም ፍርሃቱ ተገቢ ነው፣ ልጆች አሉት። በማንኛውም ሰዓት፣ በማንኛውም ጫካ ዳር ቁም ብሎ ከሩቅ መፍረድ የሚችል የለም።

የሚቻለው ነገር ግን ከማለፍና ከመቆም ብቻ የሰፋ ነው። ደም የሚፈሰውን ሰው በሁለት ጎማ ላይ አስቀምጦ በጠጠር መንገድ ማንገጫገጭ ብዙ ጊዜ ጉዳቱን ያባብሳል። መቆም ያስፈራው ሞተረኛ ወደሚቀጥለው መንደር ፈጥኖ ደርሶ ሰው መቀስቀስ፣ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ አስነሥቶ ኪራዩን ቀድሞ መክፈል፣ አብረው የሚመለሱ ሽማግሌዎች ወይም ጎረምሶች መለመን፣ ጤና ጣቢያው ለካርድና ለመድኃኒት የሚጠይቀውን ማስያዝ ይችላል። ስልክ በሚሠራበት ቦታ ይህ ሁሉ በስልክ ይከፈላል። በማይሠራበት ቦታ ሾፌሩ ቤንዚን የሚገዛው፣ መድኃኒት ቤቱም የሚሸጠው በእጅ በሚሰጥ ብር ነው፤ ያም ብር በዚያ ሰዓት ደርቆ፣ ሳይቀደድ፣ በዝርዝር መገኘት አለበት።